ፖም በዓይን ብቻ አይገዛም

ሕዝባችን ገበያ ማወቅ ይችልበታል። እህል የሚሸምት ሰው ከመዳፉ ላይ አድርጎ ያየዋል፤ ይቆረጥመዋል። ቅቤ የሚገዛ በጣቱ ነክቶ ያሸተዋል። ማር የሚገዛ ሳይቀምስ ዋጋ አይጠራም። ጋቢ የሚገዛውም የፈትሉን ቅጥነት በጣቶቹ መካከል አሽቶ፣ ጥበቡን ገልብጦ ካላየ በቀር ከሸማኔው ጋር አይስማማም። የጤፉን አገር በመልኩ፣ የቅቤውን ዕድሜ በሽታው ለይቶ የሚናገር ሸማች ዛሬም በየሰፈሩ አለ። እንግዲህ የሚያስደንቀው ይህን ሁሉ ዕውቀት ከአባቶቹ የወረሰ ሸማች ፖም ለመግዛት ሲቆም ዕውቀቱን ሁሉ ትቶ በመልክ ብቻ መወሰኑ ነው።

ፖም፣ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ አፕል የሚባለው፣ በከተሞቻችን የዕለት ምግብ ሳይሆን የክብር ፍሬ ሆኖ ይታያል። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ይገዛዋል፤ እንግዳ የሚቀበል ይገዛዋል፤ ዘመድ ቤት ባዶ እጁን መግባት ያፈረ ሰው ይገዛዋል። ዋጋው ከሙዝና ከብርቱካን ከፍ ያለ በመሆኑም የሰጪውን አክብሮት እንደሚያሳይ ይታሰባል። እንዲህ ያለው የስጦታ ፍሬ ደግሞ ማማር አለበት ስለሚባል፣ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚያብረቀርቀው፣ አንዱ ከአንዱ የማይለየው፣ ጉድፍ የሌለበት ፖም ይመረጣል። ከጨንቻ ደጋ በቅርጫት ወይም በካርቶን የመጣው የአገር ፖም ግን አነስ ያለ፣ መልኩም የተዘበራረቀ ስለሆነ ብዙው ሰው ዓይቶ ያልፈዋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአበው ምሳሌ እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

በዛሬው ጽሑፋችን ማንንም ለመንቀፍ አልተነሣንም። ሱፐርማርኬት የዘመኑ ከተማ ያስገኘው ጠቃሚ ነገር ነው። ዋጋው ተጽፎ ይታያል፤ ዕቃው ከፀሐይና ከአቧራ ተጠብቆ ይቀመጣል፤ ሠራተኛ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ገበያ በማይቆምበት ሰዓት፣ የሚፈልገውን ያገኝበታል። ከውጭ አገር የሚመጣው ፖምም ቢሆን በሕግ የገባ፣ ተመርጦ የታሸገ፣ የሰው ልጅ ብዙ የደከመበት ፍሬ ነው። እኛ የምንለው፣ ሸማቹ የሚገዛውን ነገር አውቆ ይግዛ፤ ባለማወቁም የራሱን ገንዘብና የገበሬውን ድካም በከንቱ አያባክን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት መጀመሪያ የፖምን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ፖም ከዛፉ ከተለቀመ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር ነው። አየር ይስባል፤ ሙቀት ያወጣል፤ በውስጡ ያከማቸውንም ስኳርና የጎምዛዛነት ኃይል ቀስ በቀስ ለመተንፈሻ ያውለዋል። ከዚህም ሌላ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ከራሱ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ፍሬው እንዲበስል የሚያደርግ ሲሆን፣ ሲበዛ ደግሞ ሥጋውን እያላላ የዱቄት ጣዕም ያመጣበታል። አጠገቡ ያለውን ፍሬም አብሮ ያበስለዋል። ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ፖም ጋር በአንድ ከረጢት ታስሮ ቢያድር ቶሎ የሚበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፖም ከተለቀመበት ቀን ጀምሮ ዕድሜው ይቆጠራል። ሙቀት ባለበት ቤት ዕድሜው በፍጥነት ያልፋል፤ በቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ይዘገያል።

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ዕድሜ ለማዘግየት ከ100 ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ፍራንክሊን ኪድና ሲረል ዌስት የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ፖም በተከማቸበት ክፍል ውስጥ ያለው ኦክሲጂን ሲቀነስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመር የፍሬው አተነፋፈስ እንደሚዘገይ በምርምር አስረዱ። እኛ የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክሲጂን ያለበት ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ትልልቅ የፖም መጋዘኖች ግን ከ1 እስከ 3 እጅ ብቻ ይቀርለታል። ሙቀቱም ወደ ዜሮ ዲግሪ እንዲጠጋ ይደረጋል። በ1990ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሽፕ፣ ፍሬው የራሱን ኤቲሊን እንዳይሰማው የሚያደርግ ጋዝ አገኙ። በእነዚህ ዘዴዎች አንዳንድ የፖም ዓይነት ከተለቀመ ከአሥር ወር በኋላ መልኩ ሳይለወጥ ለገበያ ሊወጣ ይችላል።

ይህ የሚደነቅ ጥበብ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፖም የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በደቡብ አፍሪካና በቺሊ ደግሞ ወቅቱ ተገልብጦ ከየካቲት እስከ ግንቦት ገደማ ይሆናል። መጋዘኑ ባይኖር ኖሮ የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ከዓመት ብዙውን ወር ያለ ፖም በኖረ፣ ገበሬውም ምርቱን በአንድ ሳምንት አርክሶ በሸጠ ነበር። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ ፖም የሚጎዳ ነው ብሎ ማስወራትም ስሕተት ነው። የሚበላ፣ ንጹሕ ፍሬ ነው። በላዩ የሚታየው ማብረቅረቅም ብዙ ጊዜ ፍሬው ሲታጠብ የተፈጥሮ ሰሙ ስለሚለቅ፣ በምትኩ የሚቀባው ለምግብ የተፈቀደ ሰም ነው።

ይሁን እንጂ መጋዘኑ ከመልኩ ይልቅ ጣዕሙን መጠበቅ ይቸግረዋል። ፍሬው ሲቀመጥ ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል፤ መዓዛውም እየደከመ ይሄዳል። ከመጋዘን ወጥቶ በሞቀ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥርም የዘገየው ዕድሜ በአንድ ጊዜ ይደርስበታል። ከውጭ ቀይና ጠንካራ መስሎ ሲነከስ እንደ ቂጣ ሊጥ አፍ ውስጥ የሚንኮታኮት ፖም ያልገጠመው ሸማች ጥቂት ነው። እንግዲህ ሸማቹ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለው ለመልኩ ሆኖ፣ የበላው ግን ዕድሜውን ሆነ ማለት ነው። ዕድሜው ደግሞ በላዩ አልተጻፈም። በዳቦ ላይ፣ በወተት ላይ፣ በመድኃኒት ላይ ቀን ይጻፋል። በፖም ላይ የምናየው የዓይነቱን መለያና የላኪውን ስም የያዘች ትንሽ ወረቀት ብቻ ነች።

ዓይን ብቻውን ሲፈርድ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ሬድ ዴሊሸስ የሚባለውን የአሜሪካ ፖም ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህ ፖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ላይ በአዮዋ ግዛት ጄሲ ሃያት የተባለ ገበሬ ከአትክልቱ ቦታ ሳይተክለው የበቀለ ዛፍ አግኝቶ ያሳደገው ነው። በዚያን ጊዜ መልኩ ድፍን ቀይ ሳይሆን ሰንበር ያለበት ነበር፤ ጣዕሙ ግን የተመሰገነ ስለነበረ ስታርክ የተባለው የችግኝ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በመላው አገር አስፋፋው። ከዚያ በኋላ ግን ሱፐርማርኬቶች እየበዙ ሲሄዱ፣ ሸማቹ ይበልጥ ቀይ የሆነውን እንደሚያነሣ ታወቀ። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከዛፎቻቸው መካከል ቀይ ፍሬ የሚሰጠውን ቅርንጫፍ ብቻ እየመረጡ ማራባት ጀመሩ። ቀዩ ደግሞ ሳይበስል የሚቀላ፣ ቆዳውም ወፍራም የሆነ፣ ለረዥም ጉዞ የሚመች ሆነ። ጣዕሙን የጠየቀ አልነበረም።

በ1980ዎቹ ከዋሽንግተን ግዛት ምርት አብዛኛው ይኸው ፖም ነበር። ሕዝቡ ግን ቀስ በቀስ ሰለቸ። ቀይ እያየ ገዝቶ ዱቄት መብላቱ ሲደጋገምበት ጋላና ፉጂ ወደሚባሉት ዞረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የዋሽንግተን ገበሬዎች ብዙ ገንዘብ ከሰሩ፤ በ2000 የአሜሪካ መንግሥት የፖም ገበሬዎችን ለመርዳት ገንዘብ እስከ መመደብ ደረሰ። በ2018ም ሬድ ዴሊሸስ ከ50 ዓመት በላይ ይዞት የቆየውን የአንደኝነት ቦታ በምርት ብዛት ለጋላ እንደሚለቅ የአገሪቱ የፖም ማኅበር አስታወቀ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ፖሙን ያበላሸው ገበሬው ብቻ አለመሆኑን ነው። ሸማቹ በዓይኑ መረጠ፤ ነጋዴው የሸማቹን ዓይን ተከተለ፤ ገበሬው የነጋዴውን ትእዛዝ ፈጸመ። በመጨረሻም ሦስቱም ተጎዱ። ሸማች ከሩቅ ሆኖ እርሻውን የሚያርስ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጨንቻ ፖም የተተከለው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው። ብዙ ዘመን በጥቂት ግቢዎች ተወስኖ ከቆየ በኋላ፣ በተለይ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ አዳዲስ ዓይነቶችን እያስመጣ፣ ገበሬውንም እያሠለጠነ ስላስፋፋው፣ ዛሬ የጨንቻ ስም ሲነሣ ከሸማኔው ቀጥሎ ፖሙ የሚታወስ ሆኗል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው፣ ሕዝብ የበዛበት፣ የእርሻው መሬት የጠበበ፣ እንሰት፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ጥቂት የፖም ዛፎች ለአንድ ቤተ ሰብ ከፍ ያለ ትርጉም አላቸው። ከፖሙና ከችግኙ ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ ቤታቸውን በቆርቆሮ የከደኑ ገበሬዎች በአካባቢው መኖራቸው የታወቀ ነው።

ይህ ሥራ ግን ቀላል አለመሆኑን ሸማቹ ቢያውቀው ደግ ነው። ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው። በተፈጥሮው ክረምት ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ መተኛት፣ ብርዱን ጠግቦ መነሣትና ማበብ ይፈልጋል። የኛ ደጋ ቀዝቃዛ ቢሆንም እንደ አውሮፓ በረዶ ያለበት ወራት የለውም። ስለዚህ ዛፉ እንቅልፍ እንዲወስደው ገበሬው ራሱ ቅጠሉን በእጁ እየለቀመ ያራግፈዋል። ዓይነቱም ብርድ የማይበዛበትን አገር የሚታገሥ መሆን አለበት። በአገራችን ከሚተከሉት መካከል አና የሚባለው በእስራኤል አገር የተዳቀለ ሲሆን፣ ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ደግሞ ከባሃማስ ደሴቶች የተገኘ ነው። ዘሩን ዘርቶ የእናቱን ዓይነት ማግኘት አይቻልም። የተፈለገው ዓይነት ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተጣብቆ መብቀል ይኖርበታል። ለብዙዎቹ ዓይነቶችም አበባቸው ፍሬ እንዲይዝ አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ዛፍና የንብ መንጋ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ አንዲት ፖም ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቷ በፊት የማጣበቅ፣ የመግረዝ፣ ቅጠል የማራገፍና የዓመታት ትዕግሥት አልፎባታል።

ይህች ፖም 500 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ አቋርጣ አዲስ አበባ ስትደርስ ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥማት ነቀፌታ ነው። «ትንሽ ናት» ይባላል፤ «አታብረቀርቅም» ይባላል። ትንሽነት የዓይነቱና የአያያዙ ነገር ነው፤ ጉድለት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። አለማብረቅረቋም ሰም ያልተቀባች መሆኗን ያሳያል። በላይዋ ላይ የሚታየው አቧራ የመሰለ ነገር ተፈጥሮ ራሱ ያለበሳት ቀጭን ሰም ሊሆን ይችላል፤ በጨርቅ ሲወለወል ይጠራል። ከዛፍዋ የተለቀመችው በዚያው ሳምንት ከሆነ፣ ስትነከስ ትጮኻለች፤ ውኃዋ ይወርዳል፤ ጎምዛዛነቷና ጣፋጭነቷ ተመጣጥነው ይሰማሉ። ይህን ጣዕም የትኛውም መጋዘን አሥር ወር ሊያቆየው አይችልም።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። የአገር ፖም ሁሉ ለአገር ልጅነቱ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም። ገንዘብ ቶሎ ለማግኘት ሲባል ሳይበስል የተለቀመ፣ በጆንያ ተጠቅጥቆ የተጫነ፣ በመንገድ የተቀጠቀጠ፣ ትልቁና ትንሹ፣ ጣፋጩና ጎምዛዛው ተደባልቆ የሚሸጥ ፖም በገበያ ይታያል። አንድ የተቀጠቀጠ ፖም ከሌሎቹ ጋር ሲቀመጥ የሚያወጣው ጋዝና የሚጀምርበት ብስባሴ ደኅናዎቹን እንደሚያበላሽ ከላይ ካስረዳነው ይታወቃል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደተባለው፣ በዛፍ ላይ ያማረ ፍሬ በአያያዝ ጉድለት ሲዋረድ ማየት ያሳዝናል። ሸማቹ አንድ ጊዜ ገዝቶ ካዘነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ውጭው ፖም ቢመለስ ፍርዱ በእሱ ላይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በችግኝም ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጨንቻ አያሌ ገበሬዎች ከፍሬው ይልቅ ከችግኙ ሽያጭ የበለጠ ገቢ ያገኙበት ጊዜ ነበር። ይህ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙ ተሳስቶ የተሸጠ ችግኝ ጉድለቱ የሚታወቀው ገዢው ሦስትና አራት ዓመት ኮትኩቶ ፍሬ ሲጠብቅ ነው። ያን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል። ስለዚህ የሚያጣብቀው ሰው የእያንዳንዱን ዓይነት ስም ጠብቆ መያዝ የሙያው ክብር መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ ሸማቹን ከገበሬው ጋር ያለብዙ ደላላ የሚያገናኝ ገበያ እጅግ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የእሁድ ገበያ በሚል ስም የተቋቋሙት ቦታዎች በዚህ ረገድ መልካም ጅምር ናቸው። የሌላው አገር ልምድ የሚያስተምረን ነገርም አለ። በኒው ዮርክ ከተማ በ1976 ባሪ ቤነፒና ቦብ ሉዊስ የተባሉ ሰዎች ግሪን ማርኬት የሚባለውን የገበሬዎች ገበያ ሲመሠርቱ፣ በአካባቢው ያሉ ትንንሽ ገበሬዎች ምርታቸው ዋጋ አጥቶ መሬታቸውን እየለቀቁ ነበር። የከተማው ሕዝብ ደግሞ ትኩስ ነገር ናፍቆት ነበር። የገበያው ዋና ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሻጩ ራሱ ያመረተውን እንጂ ከሌላ የገዛውን ይዞ መቅረብ አይፈቀድለትም። በዚህ ደንብ ምክንያት ፖም የሚገዛው ሰው «ይህ መቼ ተለቀመ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን የሚሰጠው የለቀመው ሰው ራሱ ነው።

ለኛም የእሁድ ገበያ እንዲህ ያለ ደንብ ቢታሰብለት ይጠቅማል እንላለን። በገበሬ ስም ድንኳን የያዘ ሁሉ ገበሬ ላይሆን ይችላል። ከጅምላ ነጋዴ የተረከበውን በቅርጫት አድርጎ «ከማሳዬ ያመጣሁት ነው» የሚል ቢገኝ፣ የሚጎዱት ሸማቹና እውነተኛው ገበሬ ናቸው። ነጋዴ ነጋዴነቱን ገልጾ ይሽጥ፤ ይህ ነውር የለበትም። የገበሬው ቦታ ግን ለገበሬውና ለማኅበሩ ሊጠበቅ ይገባል። ከጨንቻ አዲስ አበባ ድረስ አንድ ገበሬ ብቻውን አሥር ኪሎ ፖም ይዞ ሊመጣ እንደማይችል የታወቀ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በማኅበር ሆነው በየመጠኑና በየዓይነቱ ለይተው፣ በእንጨት ወይም በጠንካራ ካርቶን አሽገው፣ ዓይነቱንና የተለቀመበትን ቀን ጽፈው ቢያመጡ፣ የመኪናው ኪራይም ይቀልላል፤ ስማቸውም ይከበራል።

ሱፐርማርኬቶችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። የአገሩን ፖም ከአንድ ማኅበር ጋር ተዋውለው በቋሚነት ቢረከቡ፣ የተረከቡበትን ቀን ከዋጋው አጠገብ ቢጽፉ፣ ከውጭ ለሚመጣውም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ሸማቹ ያመሰግናቸዋል እንጂ አይሸሻቸውም። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይሰጥ የውጭው ፖም የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ እናምናለን። የአገሩ ምርት በደረሰበት ወቅት ግን ከመደርደሪያው ጥግ የሚገፋበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ለሸማቹ ደግሞ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። ፖም ስትገዙ መጀመሪያ በእጃችሁ መዝኑት፤ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ከበድ ያለው ውኃው አላለቀም። ቀጥሎም አሽትቱት፤ መዓዛ የሌለው ፖም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ከላላ ዕድሜው አልፏል፤ ቆዳው ከተጨማደደም እንዲሁ ነው። የቅላቱን ብዛት አትመልከቱ፤ ይልቁንስ ቅላት የሌለበትን ጎኑን እዩት፤ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ክሬም መልክ ካደላ ብዙውን ዓይነት በዛፉ ላይ ደርሶ የተለቀመ መሆኑን ያሳያል። አረንጓዴ ሆነው የሚበሉት ዓይነቶች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ቤት ወስዳችሁ ስትቆርጡት ፍሬዎቹ ጠቁረው ወይም ቡናማ ሆነው ከተገኙ መልካም ነው፤ ነጭ ከሆኑ ሳይደርስ ተለቅሟል ማለት ነው፤ ሻጩንም በሚቀጥለው ሳምንት ንገሩት። ሳትታጠቡም አትብሉት። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው እዚያ ያኑረው፤ የሌለው ደግሞ ከሙዝና ከድንች አርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጦ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ ይግዛ።

በሽተኛ የምትጠይቁም አንድ ነገር አስታውሱ። የበሽተኛው ጥቅም በፖሙ ዋጋ መወደድ አይለካም። በቫይታሚን ሲ ረገድ ዘይቱንና ብርቱካን ከፖም እጅግ ይበልጣሉ። ፖም መስጠት ከፈለጋችሁ ግን፣ ጥርሱ የደከመ ሕመምተኛ በሱፐርማርኬት የከረመውን ዱቄት ከሚያኝክ፣ ባለፈው ሳምንት ከደጋ የመጣውን ትንሽ ፖም ልጣችሁ ብትሰጡት የበለጠ ደስ ይለዋል።

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ሁለት ጥያቄ መጠየቅን ነው። «ስሙ ምን ይባላል?» እና «መቼ ተለቀመ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሱፐርማርኬትም፣ በመንገድ ዳርም፣ በእሁድ ገበያም ጠይቁ። መጀመሪያ ሻጩ ይደነግጥ ይሆናል፤ «አላውቅም» ይል ይሆናል። አሥር ሰው ሲጠይቀው ግን ከሚያስረክበው ሰው ይጠይቃል፤ ያም ከገበሬው ይጠይቃል፤ ገበሬውም ቀኑንና ስሙን መጻፍ ይጀምራል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ ሸማች ዝም ባለ መጠን የሚቀርብለት በሌላ ሰው የተመረጠለት ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ሳንቲም አያስወጣም፤ አዋጅም አያስፈልገውም።

የጨንቻ ገበሬ ዛሬ ምን ዓይነት ፖም ይትከል የሚለውን የሚወስንለት የኛ የከተማ ሰዎች ቅርጫት ነው። በዓይናችን ብቻ ከገዛን፣ አሜሪካኖች በሬድ ዴሊሸስ የሄዱበትን መንገድ ተከትሎ መልኩን እያሳመረ ጣዕሙን ይጥላል፤ ወይም ደግሞ ዛፉን ነቅሎ ሌላ ነገር ይተክልበታል። በአፍንጫችን፣ በእጃችንና በምላሳችን ከገዛን ግን ጣዕም ያለውን ይተክላል፤ ሲደርስ ይለቅማል፤ ተጠንቅቆ ይልካል። ዛሬ እሁድ ነው፤ ገበያውም ቆሟል። ወጥተን ስንገዛ የጤፉን አገር እንደምንጠይቅ ሁሉ የፖሙንም አገርና ቀን እንጠይቅ።